ጋራዡ «ሠራሁ» ያለውን ሠርቷልን? የተሽከርካሪ ሰርቪስን በማስረጃ ስለ ማረጋገጥ

መግቢያ

የመኪና ባለቤት ሰርቪስ አስደርጎ ከጋራዥ ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ደረሰኝና የሥራ ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ «ዘይት ተቀይሯል፣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ፍሬን ታይቷል» የሚል ይነበባል። ይሁን እንጂ የተቀየረም ሆነ ያልተቀየረ ፊልትሮ መሪ ለጨበጠው ሰው ወዲያው የሚታወቅ ልዩነት አያሳይም። ጉድለቱ ከወራት በኋላ ቢገለጥ እንኳ መንስኤው ያ ሰርቪስ መሆኑን ማስረዳት አዳጋች ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የተከፈለበት ሥራ በእርግጥ መከናወኑን ባለቤቱ በምን መንገድ ሊያረጋግጥ እንደሚችል ያብራራል። ማጠንጠኛውም ማረጋገጫ ከሥራው በኋላ የሚፈለግ ሳይሆን ከሥራው በፊት የሚዘጋጅ ነው የሚል ነው።

የችግሩ ጠባይ

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጥራታቸው ከተገዙ በኋላም እንኳ በቀላሉ የማይታወቅ፣ በእምነት ብቻ የሚገዙ አገልግሎቶችን በአንድ ወገን መድበዋል። የተሽከርካሪ ጥገና የዚህ ወገን ነው፤ ጉድለቱን የሚመረምረውም፣ መፍትሔውን የሚያዘውም፣ ሥራውን የሚሸጠውም አንድ አካል ነውና። ከዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ሥራው አስፈላጊ ነበርን? ሥራውስ ተሠርቷልን? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

ጉዳዩ የሚመለከተው ደንበኛውን ብቻ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ እንዳሳየው፣ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ሲሳነው የመልካሙ ሻጭ ዋጋ ይወርዳል፤ ከገበያም ሊወጣ ይችላል። ታማኝነቱን ማስረዳት የማይችል መካኒክም ዕጣው ይኸው ነው።

ሥራው የሚተወው አሻራ

የሰርቪስ ሥራዎች በሚተዉት አሻራ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ዘላቂ አሻራ የሚተዉ ናቸው። የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ከተቀየሩ በኋላ በዓይን ይታያሉ። ባለቤቱ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት በአሮጌው ፊልትሮ ላይ በማይለቅ ቀለም ቀን ቢጽፍና ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ጽሑፉ ከሰርቪሱ በኋላ በቦታው ከተገኘ ፊልትሮው እንዳልተቀየረ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። አሮጌው ዕቃ እንዲመለስለት መጠየቁም ይረዳል፤ ምልክት ከሌለው ግን የተመለሰው ዕቃ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛዎቹ አሻራቸው አሳሳች የሆነ ነው። ዋነኛው ምሳሌ የሞተር ዘይት ነው። በቤንዚን ሞተር አዲስ ዘይት ለተወሰነ ጊዜ የማር መልክ ይዞ ይቆያል። በናፍጣ ሞተር ግን ከጥላሸቱና በሞተሩ ውስጥ ከሚቀረው አሮጌ ዘይት የተነሣ ከአጭር ጉዞ በኋላ ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ጠቁሮ መገኘቱ ብቻውን ማንንም ለመክሰስ አያበቃም። የፍሬን ዘይትም በመልኩ አይመዘንም። ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ ከጊዜ ወደ ጊዜ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 230፣ እርጥበት የሳበው ደግሞ ቢያንስ እስከ 155 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ያዛል። ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወስደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እጅግ ስለሚግል፣ «ተቀይሯል» ተብሎ ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። መለየት የሚቻለውም በመሣሪያ እንጂ በዓይን አይደለም።

ሦስተኛዎቹ አሻራ የማይተዉ ናቸው፤ ማየት፣ መፈተሽ፣ ማጥበቅ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በተዘዋዋሪ ይረጋገጣሉ። ከጎማው ብሎን እስከ ቸርኬው የሚሻገር ቀጭን የጠመኔ መሥመር ቢሰመርና ሳይዛነፍ ቢገኝ ጎማው አልተፈታም ለማለት ያስችላል። ጎማው ሳይፈታ ደግሞ በታምቡር ውስጥ ያለውን የፍሬን ሸራ በወጉ መፈተሽ አይቻልም።

ከምልክት ወደ ልኬት

የምልክት ዘዴ ድንበር አለው። ምልክቱ መገኘቱ ሥራው አለመሠራቱን ያረጋግጣል፤ መጥፋቱ ግን ሥራው መሠራቱን አያረጋግጥም፤ ፊልትሮው ተወልውሎ፣ ጠመኔውም በውኃ ታጥቦ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የተሻለው መንገድ የሥራ ዝርዝሩን መለወጥ ነው። «ፍሬን ታይቷል» የሚለውን ሌላ ሰው ሊፈትነው አይችልም። «የፊት ግራ ፍሬን ሸራ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር» የሚለውን ግን ሌላ መካኒክ በዚያው ቀን ለክቶ ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። የዘይቱ ዓይነትና መጠን በሊትር፣ የፊልትሮው መለያ ቁጥር፣ የኪሎ ሜትር ንባቡም እንዲሁ ይጻፋሉ። የተጻፈው የዘይት መጠንም የመኪናው መመሪያ ለሞተሩ ከሚያዘው ጋር ይነጻጸራል።

በአዲስ አበባ በርካታ ባለቤቶች ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሳቸው ገዝተው ሲቀየር ቆመው ያያሉ። ይህ ልማድ ሻጩንና ሠሪውን ስለሚለያይ ማታለያውን ያጠብባል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈጃል፤ የተገዛው ዕቃ ትክክለኛ መሆኑንም አያረጋግጥም።

የጽሑፍ ዝርዝር መጠየቅ መካኒኩን እንደ መጠርጠር ሊቆጠር አይገባም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

መደምደሚያ

«ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም?» የሚለው ጥያቄ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መልሱ ጥርጣሬ ወይም ጠብ ነው። ከሥራው በፊት የተደረገ ምልክት፣ አስቀድሞ የተጠየቀ አሮጌ ዕቃና በቁጥር የተሞላ ዝርዝር ግን ክርክሩን ወደ ልኬት ይመልሱታል። ጥቅሙም የሁለቱም ወገን ነው፤ ደንበኛው የከፈለበትን ያውቃል፤ በሐቅ የሠራው መካኒክም ሐቁን የሚያስረዳበት ሰነድ ያገኛል።