አንድ ሽጉጥ ለሦስት ተግባር፦ ለዒላማ፣ ለአደንና ራስን ለመከላከል ይበቃልን?

“ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” ይላሉ አበው። ብሂሉ ስለ ጦር መሣሪያ ምርጫም የሚናገረው አለው። በአሜሪካ ሽጉጥ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ “አንድ ብቻ ብገዛ የትኛውን ልምረጥ?” የሚለው ነው። ገዢው በዕረፍት ቀኑ ዒላማ ሊተኩስበት፣ በአደን ወራት ይዞት ጫካ ሊገባ፣ ሌሊት ቤቱ ቢደፈር ደግሞ ራሱንና ቤተሰቡን ሊከላከልበት ይሻል። ለሦስቱ ተግባር ሦስት መሣሪያ ለመግዛት ግን አቅሙ ወይም ፍላጎቱ የለውም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ጠመንጃ የክብር ዕቃ ሆኖ በሚታይበት አካባቢ አድጎ ወደዚያ የተሻገረ ሰው ከልማድ የወረሰው ዕውቀት ብቻውን አይበቃውም። ምንሽርና ክላሽ ማወቅ ሽጉጥን ማወቅ አይደለምና። የአገሩን ሕግ ሳይረዱ መግዛትም ከገንዘብ ኪሣራ የከፋ መዘዝ አለው። የሽጉጥ አመራረጥን አመክንዮ፣ የሕጉን ወሰንና የአያያዙን ጥንቃቄ እንደሚከተለው እንመለከታለን።

ሦስቱ ተግባራት ምን ይጠይቃሉ?

የዒላማ ተኩስ የሚፈልገው ርካሽ ጥይት፣ ቀላል ግፊትና ትክክለኛነት ነው። ተኳሹ በአንድ ቀን መቶና ከዚያ በላይ ጥይት ሊተኩስ ስለሚችል፣ የጥይቱ ዋጋ ውሎ አድሮ ከሽጉጡ ዋጋ ይበልጣል። ለዚህ ተግባር ብቻ ቢሆን 22 ካሊበር የሚባለውን ትንሿን ጥይት የሚተካከል የለም። ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው፤ እጅን አትመታም፤ ጀማሪውንም አታስደነግጥም።

አደን ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። አዳኙ አውሬውን ሳያሠቃይ በአንድ ጥይት መጣል አለበት፤ ያቆሰለውን እንስሳ ጫካ ለጫካ ማንከራተት ነውርም ኀጢአትም ተደርጎ ይቆጠራል። ጉልበት የሚለካው በጁል ነው። የ22 ጥይት ከሽጉጥ ስትወጣ ጉልበቷ 140 ጁል ገደማ ስለሆነ ከጥንቸልና ከሽኮኮ አታልፍም። በአሜሪካ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች በልማድ የያዙት ዝቅተኛ መለኪያ 1,350 ጁል ያህል ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ 2,000 ጁል ገደማ ጉልበት አለው። ሽጉጥ ከጠመንጃ ምን ያህል እንደሚያንስ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ራስን መከላከል ከሁለቱም የተለየ ነው። እዚህ ላይ ተኳሹ በፍርሃት እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ በጨለማ፣ ከእንቅልፉ በነቃበት ቅጽበት ነው መሣሪያውን የሚያነሣው። ስለዚህ አሠራሩ ቀላል፣ በመጀመሪያው ስበት የማይከዳ፣ ሁለተኛውን ጥይት ለመተኮስ የሚመች መሣሪያ ያስፈልገዋል። ጥይቱ ግድግዳ በስቶ በማዶው ያለውን ልጅ ወይም ጎረቤት እንዳይመታም ማሰብ ግድ ይለዋል።

ሁለት ጥይት የሚቀበለው ሪቮልቨር

ይህንን ሁሉ በአንድ መሣሪያ ለማስታረቅ ለሚሞክር ሰው ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው መልስ 357 ማግነም የተሰኘው ሪቮልቨር ነው። ሪቮልቨር ጥይቶቹ በሚሽከረከር ክብ ማጉረሻ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጥይት ይይዛል።

የዚህ ሽጉጥ ምሥጢር በጥይቱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ 38 ስፔሻል የተባለ ጥይት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 ይኸው ኩባንያና ዊንቸስተር ኃይለኛውን 357 ማግነም አስተዋወቁ። ስማቸው ቢለያይም የሁለቱም ዓረር ውፍረት አንድ ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። ልዩነታቸው በቀለሃው ርዝመትና በሚፈጥረው ግፊት ነው። የማግነሙ ቀለሃ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲረዝም የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ኃይለኛው ጥይት ለደካማው ሽጉጥ እንዳይገባና እንዳይፈነዳበት።

በዚህም የተነሣ ለ357 የተሠራ ሽጉጥ ሁለቱንም ጥይቶች ይተኩሳል፤ ለ38 የተሠራው ግን 357 አይቀበልም። የ38 ጥይት ጉልበት 270 ጁል ገደማ ሲሆን፣ የ357 ከ700 ጁል በላይ ይደርሳል። ባለቤቱ ለልምምድ ለስላሳውንና ብዙውን ጊዜ በዋጋም የሚረክሰውን 38፣ ለአደን ብርቱውን 357፣ ለቤት መከላከያ ደግሞ እንደ እጁ አቅም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። መሣሪያውን ለብዙ ተግባር የሚያበቃው የጥይቱ መለዋወጥ ነው።

ርዝመቱም ሌላው ጉዳይ ነው። አፈሙዙ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽጉጥ ለመያዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ለማነጣጠር ያስቸግራል፤ ግፊቱም እጅን ያሳምማል። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለዒላማና ለአደን ጥሩ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን አይመችም። ስለዚህ መካከለኛው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ሦስቱን ተግባር ያቀራርባል። ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ትንሽ ማለፉ ጥቅም አለው፤ የከባድ ሽጉጥ ግፊት ከቀላሉ ይለዝባልና።

አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ እናክል። አጭሩን የ38 ጥይት አብዝቶ የተኮሰ ሰው በማጉረሻው ቀዳዳዎች ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይሠራበታል። ረጅሙን የ357 ጥይት ከማጉረሱ በፊት ቀዳዳዎቹን በሚገባ መጥረግ ይኖርበታል፤ ካልሆነ ጥይቱ አልገባም ወይም ቀለሃው አልወጣም ይለዋል።

ሌሎቹ አማራጮች

ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ገዢዎች የሚመርጡት 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ በካዝና የሚሠራ ሽጉጥ ነው። ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1902 የተዋወቀ ሲሆን፣ ጉልበቱ 480 ጁል አካባቢ ነው። ከእነዚህ ሽጉጦች አንዱ የሆነው የኦስትሪያው ግሎክ 17 በአንድ ካዝና 17 ጥይት ይይዛል፤ ሆኖም ካሊፎርኒያንና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ግዛቶች ካዝናው ከ10 ጥይት በላይ እንዳይይዝ ይገድባሉ። ጥይቱ በየመደብሩ ይገኛል፤ ግፊቱም ለብዙው ሰው ይቻላል። ስለዚህ አደንን ከዝርዝሩ ለሚሰርዝ ሰው 9 ሚሊ ሜትሩ ከሪቮልቨሩ ሊሻለው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ካዝናው የወጣለት ሽጉጥ ባዶ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጥይት በአፈሙዙ በር ላይ ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው “ባዶ ነው” ብሎ ቃታ ስቦ ራሱን ወይም ወዳጁን የገደለው በዚህ ስሕተት ነው። የሪቮልቨር ማጉረሻ ሲከፈት ግን ጥይት መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይታያል።

ከ357 የሚበረታ ጉልበት የሚሻ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን 44 ማግነም ይመርጣል። ጉልበቱ ከ1,000 ጁል ቢያልፍም ምቱ ጀማሪን ያሸሻል፤ ተኳሹም ፍንዳታውን እየፈራ ቃታ ሲስብ እጁ ይሳሳታል። በፍርሃት ከሚተኮስ ኃይለኛ ጥይት ይልቅ በእርጋታ የሚተኮስ መለስተኛ ጥይት ዒላማውን ያገኛል።

የማያወላዳው እውነት

357 ሦስቱን ተግባር ይሠራል፤ እኩል ግን አይሠራቸውም። ለዒላማ ከ22 ይወደዳል፤ ለአደን ከጠመንጃ ያንሳል፤ ለመከላከያም ከ9 ሚሊ ሜትሩ ያነሰ ጥይት ይይዛል። በአደን በኩል ጉልበቱ ከ1,350 ጁሉ ልማዳዊ መለኪያ በታች ስለሆነ፣ ጥንቁቅ አዳኝ አጋዘን ላይ የሚተኩስበት ከ45 ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ያውም ብዙ ተለማምዶ ነው። ብዙ ግዛቶች ለአደን የሚፈቀደውን ካሊበር ወይም የአፈሙዝ ርዝመት በደንብ ይወስናሉ፤ የአደን ፈቃድም ለብቻው ይወጣል። አደኑ ዋና ዓላማው ለሆነ ሰው ትክክለኛው ምክር ሽጉጡን ትቶ ጠመንጃ መግዛት ነው።

ድምፁም ቀላል አይደለም። ከ140 ዴሲቤል የሚያልፍ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ የ357 ተኩስ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ለልምምድ የጆሮና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ መተኮስ አይገባም።

ስለዚህ ገዢው መደብር ከመሄዱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ “ከሦስቱ ተግባራት በእርግጥ የምሠራው የትኛውን ነው?” ብዙ ሰው በሐቅ ቢመልስ፣ አደን አንድ ጊዜም እንደማይወጣ፣ አብዛኛው ተኩሱ ዒላማ ላይ እንደሚሆን ይገነዘባል። ከመግዛቱም በፊት ሽጉጥ በሚያከራይ የተኩስ ሜዳ ሁለቱን ዓይነት በእጁ ቢሞክር ከብዙ ወሬ ይሻለዋል።

ሕጉ፦ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ይለወጣል

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ነው፤ ከሽያጩም በፊት የገዢው የወንጀል መዝገብ ይጣራል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ተከልክሏል። “ለራሴ ነው” ብሎ ፈርሞ ለሌላ ሰው መግዛትም ከባድ ወንጀል ነው። ለዘመድ ውለታ መስሎት በዚህ መንገድ የገዛ ሰው እስር ይጠብቀዋል።

ግዛቶቹ ደግሞ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በቨርጂኒያ በሕግ የተያዘ ሽጉጥ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ሲገባ ባለቤቱን ወንጀለኛ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱም በሌላ ግዛት የተሰጠን የመያዣ ፈቃድ አይቀበሉምና። በቀን ብዙ ጊዜ ድንበሩን ለሚያቋርጥ የታክሲ ሾፌር ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። በአንድ ስሕተት የዓመታት ድካም ይጠፋል።

ቤት ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ

ሰው ሽጉጥ ሲገዛ የሚያስበው ከውጭ የሚመጣን ጠላት ነው። አኃዙ ግን ወደ ውስጥ እንድንመለከት ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ የሞቱት ራሳቸውን በማጥፋት ነው። በቤት ውስጥ ያዘነ፣ የተጨነቀ ወይም በመጠጥ የተጎዳ ሰው ካለ የመሣሪያው ቅርበት ራሱ አደጋ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሽጉጡን ለጊዜው ከቤት ማስወጣት ሕይወት ያተርፋል።

ለልጆችም ጥንቃቄው ያው ነው። መሣሪያውን ትራስ ሥር ወይም ልብስ መካከል መደበቅ መጠበቅ አይደለም፤ ልጅ የማያገኘው መደበቂያ የለምና። ሽጉጡ በሚቆለፍ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። ለመከላከያ በቶሎ ማውጣት የሚፈልግ ሰው በአኃዝ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ሣጥን ያገኛል።

እዚህ አገር ቤት ላለን ሁሉ መርሑ አንድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል። አደንም በፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ በውጭ ያለ ዘመድ “ሽጉጥ ላክልኝ” ሲባል እንቢ ቢል ንፍገት አይደለም፤ ላኪውንም ተቀባዩንም ከእስር የሚያድን ማስተዋል ነው።

አንድ ሽጉጥ ብቻ የሚገዛ፣ አደንንም አልተውም የሚል ሰው መካከለኛ አፈሙዝ ያለውን የ357 ሪቮልቨር ቢመርጥ አይሳሳትም፤ አደን የማይወጣው ደግሞ 9 ሚሊ ሜትሩን ቢይዝ ይበቃዋል። የትኛውንም ቢመርጥ ግን ለሽጉጡ ካወጣው ገንዘብ ሌላ ለሥልጠና፣ ለልምምድ ጥይትና ለሚቆለፍ ሣጥን የሚሆን ከሌለው ግዢውን ቢያቆየው ይሻላል። የተኮሱት ጥይት አይመለስምና፣ ጊዜ ወስዶ መምረጥ የሚገባው ከመግዛት በፊት ነው።