በውጭ አገር የኢኮ ቱሪዝም አስጎብኚነት ልምድ እንዴት ይገኛል?

ተፈጥሮን ሳይጎዱ መጎብኘትንና የአካባቢውን ኅብረተሰብ ተጠቃሚ ማድረግን መሠረት ያደረገው ኢኮ ቱሪዝም በብዙ አገሮች ለወጣቶች የሥራ መስክ ከፍቷል። በዘርፉ ልምድ ለመቅሰም ወደ ውጭ አገር የሚያቀና ሰው ግን አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ ጉዳይ አለ። አስጎብኚነት በበርካታ አገሮች ፈቃድ የሚጠይቅና ለአገሬው ተወላጆች ቅድሚያ የሚሰጥ ሙያ በመሆኑ፣ ልምዱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከአስጎብኚነት ጎን ባሉ ሥራዎች ነው።

የኢኳዶር ግዛት የሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ከደሴቶቹ የየብስ ክፍል 97 በመቶ ያህሉ እ.ኤ.አ. በ1959 በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ሥር ነው። አብዛኞቹ የመጎብኛ ሥፍራዎች የሚታዩት ፓርኩ ፈቃድ በሰጠው አስጎብኚ መሪነት ሲሆን፣ አንድ አስጎብኚ በአንድ ጊዜ ከ16 በላይ ጎብኚዎችን እንዲመራ አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ልዩ ሕግም ወደ ደሴቶቹ የሚደረገውን ፍልሰት በመገደብ በሥራ ረገድ ለቋሚ ነዋሪዎች ቅድሚያ ሰጥቷል።

በኮስታሪካ የቶርቱጌሮ ብሔራዊ ፓርክም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በሌሊት እንቁላል ለመጣል ወደ ባሕር ዳርቻው የሚወጡትን አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ጎብኚዎች የሚያዩት በአካባቢው አስጎብኚዎች መሪነት ነው። ቀደም ሲል ኤሊዎቹንና እንቁላላቸውን ለምግብና ለገበያ ያውል የነበረው ኅብረተሰብ አሁን በሕይወት ካለችው ኤሊ ገቢ ያገኛል። የአስጎብኚነቱ ሥራ ለውጭ ሰው ቢተላለፍ ጥበቃው ራሱ ደጋፊ ያጣል።

ይሁን እንጂ የውጭ ዜጎች በሥፍራው ለዓመታት በቆየው የኤሊዎች ጥናት በምርምር ረዳትነት ይሳተፋሉ። ሥራቸው በሌሊት ዳርቻውን በእግር መቃኘት፣ የኤሊዎቹን የጀርባ ቅርፊት መለካት፣ መለያ ምልክት ማድረግና እንቁላል መቁጠርን ያካትታል። ነጭ ብርሃን ያየች ኤሊ እንቁላሏን ሳትጥል ወደ ባሕር ልትመለስ እንደምትችል በዓይኑ ያየ ሰው፣ ነገ ጎብኚዎችን ሲመራ ክልከላውን ከነምክንያቱ ማስረዳት አያዳግተውም።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የመስክ አስጎብኚነት ሥልጠና ለውጭ ዜጎችም ይሰጣል። ሠልጣኞች የአራዊትን ዱካ መለየት፣ የአዕዋፍና የዕፀዋትን ዓይነት ማወቅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትንና እንግዳ አያያዝን ይማራሉ። በእግር የሚመሩ አስጎብኚዎች ከአደገኛ እንስሳት አጠገብ ያሳለፉትን ሰዓት እየመዘገቡ ደረጃቸውን ያሳድጋሉ። ሆኖም የሥልጠና የምስክር ወረቀት የሥራ ፈቃድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአገሪቱ የቱሪዝም ሕግ መሠረት በሙያው የሚሠራ ሰው በክፍለ ግዛቱ የአስጎብኚዎች መዝጋቢ ዘንድ መመዝገብ አለበት።

ከዚህ በመነሳት ተጓዡ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ሊያጣራ ይገባል፤ የሚሄድበት አገር ሕግ ለውጭ ዜጋ የሚፈቅደውን ሥራ፣ የቪዛውን ዓይነት፣ የምግብ፣ የመኝታና የመድን ወጪ የሚሸፍነውን ወገን፣ እንዲሁም ሥራው ሲጠናቀቅ የሚሰጠውን ማስረጃ። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ በደመወዝ መሥራት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ክፍያ የሚጠይቁ የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብሮችም ሥልጠና እንጂ ቅጥር አለመሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ልምድ ለኢትዮጵያም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1996 ጀምሮ ከሰፈረበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያንና ጭላዳን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ የሚመሩት የአካባቢው አስጎብኚዎችና ስካውቶች ናቸው። የጎብኚን ቁጥር መመጠንን፣ ከእንስሳት ርቀት መጠበቅንና ያዩትን በየዕለቱ መመዝገብን በሌላ አገር የተማረ ባለሙያ፣ ዕውቀቱን ለእነዚህ ወገኖች ሲያካፍል የጉዞው ጥቅም ከግል አልፎ ለፓርኩ ይተርፋል።