መኪናው በጃምፕ ተነሳ፤ ሞተሩ ግን ለምን ያስቸግራል?

አገር ቤት ባትሪ ሲወርድ የሰፈር ልጆች ተጠራርተው «በሉ ግፉ!» ይባላል። እዚህ ፍሪሞንት ግን አብዛኛው መኪናችን አውቶማቲክ ማርሽ ስለሆነ በመግፋት አይነሳም። ጎረቤት ይለመናል፣ ኬብል ይያያዛል፣ መኪናው ሲነሳ «ተመስገን!» ተብሎ ወደ ሥራ ይበረራል።

አንዳንዴ ታዲያ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሳይሰጡት ይጮኻል፤ ወይም ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ምክንያቱ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው በደቂቃዎች የሚስተካከል ነው፤ ሌላው ግን 880 ላይ መሃል መንገድ ያስቀራል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ዲናሞውን

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ እዚህ አልተርኔተር የምንለው ነው። ርካሽ ቴስተር ይዘው የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው መኪና ከ13.5 እስከ 14.7 ይደርሳል። እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ፣ የባትሪ ምልክቱ ከበራ፣ ወይም የፊት መብራቱ ከደበዘዘ ፍሪዌይ አይግቡ። ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም ኬብሉ መታየት አለበት። ቴስተር ከሌለዎት ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ባትሪና ዲናሞ በነፃ ይመረምራሉ።

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል ንቀልና እይ» የሚል ምክር ከሰሙ አይሞክሩት። የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

ኮምፒውተሩ ሲረሳ

ዲናሞው ደህና ከሆነ ሌላው ምክንያት የኮምፒውተሩ መርሳት ነው። ለሞተሩ አየር የምታስገባው በር፣ ትሮትል ቦዲ የምትባለው፣ በጊዜ ብዛት ጥቁር ካርቦን ይይዛታል። ኮምፒውተሩ ይህን እየለመደ በሩን ትንሽ ትንሽ ከፈት ያደርጋል። ባትሪው ጨርሶ ሲሞት ወይም ሲነቀል ግን ይህ ልምድ ይጠፋል። በሩን እንደ አዲስ መኪና ይከፍታል፣ ካርቦኑ ግን እዚያው አለ። አየር ሲያንስ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ሞተሩም ይጠፋል።

መፍትሔው መልሶ ማስተማር ነው። በብዙ የሆንዳ መኪኖች ኤሲ፣ መብራትና ሬዲዮ አጥፍተው፣ ፓርክ ላይ እንዳለ የራዲያተሩ ማራገቢያ እስኪዞር 3,000 ዙር ላይ ይይዙታል። ከዚያ እግርዎን አንስተው 5 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይተዉታል። ለሌላ መኪና የራሱን መመሪያ ይመልከቱ። ጭሱ ስለሚገድል በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አያድርጉት። ካልተስተካከለ ትሮትል ቦዲው ይጽዳ።

ፕሪየስ ከሆነ

ከ2004 እስከ 2015 በወጡት ፕሪየሶች ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ከኋላ ነው ያለው፤ ጃምፕ የሚደረግበት ቀዩ ጫፍ ግን ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ይህ ባትሪ ሲደክም ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ መብራት ሊሞላ ይችላል። «ትልቁ ባትሪ ሞተ» ብለው ሺህ ዶላር ከማውጣትዎ በፊት ትንሹን ያስመርምሩ። ኬብል ሲያያይዙም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳይገለባበጥ፤ ኢንቨርተሩን ሊያበላሽ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው።

ስሞግ ከመሄድዎ በፊት

ባትሪ ሲሞት የጭስ መቆጣጠሪያው የራስ ምርመራ ውጤትም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በካሊፎርኒያ ሕግ 2000 እና ከዚያ በኋላ የተሠራ የቤንዚን መኪና፣ ከነዳጅ ትነት ምርመራው በቀር ሌላው ሳይጠናቀቅ ስሞግ አያልፍም። የሬጅስትሬሽን ቀን ከደረሰ ይህ ራስ ምታት ነው። መኪናው ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ለጥቂት ቀናት ከተማ ውስጥም ፍሪዌይ ላይም ይንዱት፣ ከዚያ ይሂዱ።

በመጨረሻም፣ ጃምፕ የተደረገ ባትሪ በአጭር ጉዞ አይሞላም። ማታውን ቻርጀር ላይ ያድርጉት፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለገለ ከሆነና ደግሞ ከወረደ ግን በጊዜ ይቀይሩት። መልካም መንገድ!