የሞተርሆም መወጣጫ፤ በኤሌክትሪክ ወይስ በእጅ?

መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው። ከዚያ ጎማውን ይረግጣል፣ ቀለሙ የተነካካ እንደሆነ በጎን አጎንብሶ ያያል፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትር ይጠይቃል። የሚገዛው ሞተርሆም ከሆነ ደግሞ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውንና መጸዳጃውን ከፍቶ ዘግቶ ይመለከታል። ይህን ሁሉ ለማየት ሲገባና ሲወጣ አሥር ጊዜ የረገጠውን መወጣጫ ግን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ሻጭም ካልተጠየቀ አያነሳውም።

ሞተርሆም በራሱ ሞተር የሚሄድ፣ በውስጡ መኝታ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው የጉዞ ቤት ነው። ወለሉ ከመሬት ከጉልበት በላይ ከፍ ስለሚል ያለ መወጣጫ እንደ ልብ አይገባበትም፣ አይወጣበትም። ይኸው መወጣጫ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በር ሲከፈት በሞተር ኃይል ራሱ የሚዘረጋ፣ በር ሲዘጋ ራሱ የሚገባ ነው። ሁለተኛው ሰው በእጁ ስቦ የሚዘረጋውና በእጁ የሚያጥፈው ነው። የትኛው ይሻላል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከኪስም ከአጥንትም ጋር የተያያዘ ነው።

ገበያው ወዴት ነው?

የዚህ ኢንዱስትሪ መናኸሪያ በአሜሪካ ኢንዲያና ክፍለ ግዛት የምትገኘው ኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ናት። የአገሪቱ አብዛኛው የጉዞ ቤት፣ በሌላ መኪና የሚጎተተውም ሆነ በራሱ የሚሄደው፣ የሚገጣጠመው እዚያ ነው። በኮቪድ ወቅት አውሮፕላንና ሆቴል ሲሸሽ ሕዝቡ ፊቱን ወደ ጉዞ ቤት በማዞሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ፋብሪካዎቹ ለነጋዴዎች የላኩት ቁጥር 600,240 ደረሰ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ተልኮ አያውቅም። በ2023 ግን ቁጥሩ ወደ 313,174 አሽቆለቆለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያው በግማሽ ያህል ወረደ ማለት ነው።

ይህ ለያገለገለ ዕቃ ገዢ ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ አይነገረውም። በሞቀ ገበያ በጥድፊያ የተሠራና በጥድፊያ የተሸጠ ዕቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ባለቤት ይቀርባል። ከታች ያለው ብረት ለጥቂት ክረምቶች ጭቃና ጨው ሲጠጣ ከርሟል። መወጣጫው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ለመሬት የቀረበ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በታክሲና በጭነት መኪና ሥራ የቆየ ልምድ አላቸው። ከእነዚህ መካከል ሞተርሆም ገዝቶ ማከራየትን ያሰበ ካለ፣ ባለንብረትን ከተከራይ የሚያገናኙ እንደ አውትዶርሲና አርቪሼር ያሉ ድርጅቶች ስላሉ መንገዱ ክፍት ነው። ነገር ግን ተከራይ ሌሊት በጨለማ ሲወርድ የሚረግጠው የባለንብረቱን ብረት ነው። ቢወድቅ ጣጣው ወደ ማን እንደሚመጣ ማሰብ ያሻል።

የኤሌክትሪኩ አሠራር

የኤሌክትሪክ መወጣጫ ከ12 ቮልት ባትሪ በሚያገኘው ኃይል ይሠራል። ከወለሉ ሥር ትንሽ ሞተር፣ ጥርሶችና ማያያዣ ክንድ አሉት። በሩ ላይ ማግኔት፣ መቃኑ ላይ ደግሞ ማግኔቱን የሚያውቅ መቀበያ ይገጠማል። በሩ ሲከፈት መቀበያው ለመቆጣጠሪያው ሳጥን ያሳውቃል፤ ሳጥኑ ሞተሩን ያዛል፤ መወጣጫው ይዘረጋል። በሩ ሲዘጋ የተገላቢጦሽ ይሆናል።

ከበሩ አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያም አለ። መኪናው ቆሞ ልጆች ሲገቡና ሲወጡ መወጣጫው በየጊዜው ወዲያ ወዲህ እንዳይል፣ እንደተዘረጋ በማብሪያ ማጥፊያው ይቆለፋል። ዋናው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። በደንብ በተሠራው ዓይነት በሩ ተዘግቶ የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር፣ ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶም ቢሆን መወጣጫው ራሱ ይገባል። ስለዚህ ባለቤቱ ረስቶ ቢነሳ እንኳ መወጣጫው ተንጠልጥሎ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የነዳጅ ማደያ ብረት ወይም የሰው እግር አይመታም።

በአገራችን ሚኒባስ ታክሲ በሩን የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ “ሂድ!” ብሎ ሾፌሩን የሚያስነሳው ረዳቱ ነው። የኤሌክትሪክ መወጣጫ የሞተርሆም ረዳት ነው ቢባል አይበዛበትም።

ረዳቱ ሲታመም

ረዳት ግን ይታመማል። ባትሪው ሲደክም መወጣጫው ቀስ ይላል፣ አለዚያም መሐል ላይ ይቆማል። ለክረምት ባትሪው ተፈትቶ ከተቀመጠ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ሽቦ ሲዝግ ሥራው አንድ ቀን ይሆናል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በሩ ትንሽ ሲዘም ማግኔቱ ከመቀበያው ይርቅና መወጣጫው በሩ መከፈቱን አያውቅም። ማያያዣ ክንዱ ላይ ያለው ፒን ሲበላ ይንገጫገጫል፤ በመጨረሻም ይወልቃል። ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ ባለቤቱ ሞተሩ ሞቷል ብሎ ሙሉውን ሊለውጥ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው መወጣጫው መቆሙ አይደለም። የከፋው አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን መተዉ ነው። በእጅ የሚዘረጋ መወጣጫ ያለው ሰው ከመውረዱ በፊት መዘርጋቱን ያያል፤ ራሱ ነውና የሚዘረጋው። የኤሌክትሪክ የለመደ ሰው ግን አያይም። በሩን ከፍቶ፣ በአንድ እጁ ዕቃ ይዞ፣ መወጣጫው ይኖራል ብሎ እግሩን ይሰድዳል። በሌለበት ቀን የሚያገኘው ባዶ አየር ነው። ዕድሜው ለገፋ ሰው ይህ ዳሌ የሚሰብር አወዳደቅ ነው።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። መኪናው በሥራ ላይ ባለበት ወራት በየወሩ ያህል ጭቃውንና ጨውን አጥቦ፣ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎችን ፋብሪካው ባዘዘው ቅባት መቀባት ነው። “ከአያያዝ ይቀደዳል” እንደሚባለው፣ ቅባት ሳይነካው የኖረ ዕቃ ፋብሪካውን ሊያሳማ አይገባም። መንገድ ላይ ቢቆም ደግሞ በብዙዎቹ ላይ የማያያዣውን ፒን አውልቆ መወጣጫውን በእጅ ገፍቶ ማስገባትና በገመድ ወይም በሽቦ ጠፍሮ ማሰር ይቻላል። ይህን ገዢው ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ቢማር በዝናብ ሌሊት አይቸገርም።

በእጅ የሚዘረጋው

የእጁ መወጣጫ ዋጋው ከኤሌክትሪኩ በብዙ ያነሰ ነው። ሽቦ የለውም፣ ባትሪ አይጠይቅም፣ ቢጣመም ማንኛውም በያጅ ያቃናዋል። ዓይነቱ ብዙ ነው። የተለመደው በሩ ሥር ታጥፎ የሚቀመጥና ተስቦ የሚዘረጋው ነው። ይህ ከወለሉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር በመሆኑ ሰው ሲረግጠው ቤቱ በሙሉ ይወዛወዛል። ሌላው ደግሞ በቅርብ ዓመታት በጣም የተስፋፋው፣ እግሮቹ መሬት ላይ የሚያርፉት ዓይነት ነው። በኤልክሃርት የሚገኙት ሊፐርትና ሞርራይድ የሚባሉት ኩባንያዎች ያመርቱታል። እግሮቹ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ስለሚረዝሙና ስለሚያጥሩ ሲረግጡት እንደ ቤት ደረጃ ጽኑ ነው።

ታዲያ ይህን መርጦ መገላገል አይቻልም ወይ? እዚህ ላይ ሞተርሆምና ተጎታች ይለያያሉ። ተጎታች ውስጥ በጉዞ ላይ ሰው አይቀመጥም። ባለቤቱ ተጎታቹን ከመኪናው ጋር ለማያያዝ የግድ በውጭ ይዞራል፣ መወጣጫውንም አጥፎ ይሄዳል። በሞተርሆም ግን ሾፌሩ ከአልጋው ተነስቶ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ ሳይወጣ ይነዳል። በውጭ የቀረውን መወጣጫ የሚያሳየው ማንም የለም። ለዚህ ነው በተጎታች የእጁ፣ በሞተርሆም የኤሌክትሪኩ የተለመደው።

እግር ያለው ዓይነት ሌላም ችግር አለበት። ሲታጠፍ የሚቀመጠው በሩ መግቢያ ውስጥ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ወይም ዳቦ ለመግዛት በወረዱ ቁጥር ሙሉውን መዘርጋት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከሚሠሩት አውቶቡስ መሰል ትልልቅ ሞተርሆሞች ብዙዎቹ የሾፌር በር የላቸውም፤ በሩ ያው አንዱ ነው። በጥድፊያ መውጣት ቢያስፈልግ በሩን የዘጋው ብረት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

ለማን የቱ?

እንግዲህ ልዩነቱ የምቾትና የርካሽነት ብቻ አይደለም። ጥያቄው የማስታወሱን ሸክም ማን ይሸከም የሚል ነው። በእጅ የሚዘረጋው ሰው እንዲያስታውስ ያስገድዳል። የኤሌክትሪኩ ማስታወሱን ከሰው ወስዶ ለሽቦ ይሰጣል። ሽቦው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ሽቦ ከሰው ይሻላል፤ ሲታመም ግን የሚያስታውስ የለም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በየቀኑ ቦታ እየለወጠ ለሚጓዝ ቤተሰብ፣ በተለይ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ላለበት፣ የኤሌክትሪኩ ይመረጣል። አንድ ቦታ ቆሞ ወራት ለሚያሳልፍ ሰው እግር ያለው የእጅ መወጣጫ ጽኑ ነው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ማጠፍ አያስቸግርም። ለአከራይ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል። ተከራይ መኪናውን አያውቀውም፤ ይረሳል፤ ይቸኩላል። ስለዚህ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ መወጣጫ ያዋጣዋል። ነገር ግን የወር ቅባቱንና የመለዋወጫውን ወጪ ከኪራዩ ሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ መቀነስ፣ ከበሩም አጠገብ “ከመውረድዎ በፊት ወደ ታች ይመልከቱ” የሚል ጽሑፍ መለጠፍ አለበት። በእጅ የሚዘረጋውን የመረጠ አከራይ ደግሞ መወጣጫው ሳይታጠፍ ሞተር ሲነሳ የሚጮህ ደወል ያስገጥም። በአውሮፓ ሞተርሆሞች ይህ ደወል የተለመደ ነው።

ከጋራዥ ርቆ ለሚሄድ ሰው ፍርዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ከካይሮ ተነስተው በመተማና በጎንደር አድርገው፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ የሚያልፉ መንገደኞች በየዓመቱ ይታዩ ነበር። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ የተጣመመ ማጠፊያ በየከተማው በያጅ ይቃናል፤ የተቃጠለ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ግን ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቃል። በአገር ውስጥ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ወይም ሱቅ ለማሠራት ያሰበ ባለሀብትም ይህንኑ ያስብ። በአቧራና በጭቃ መንገድ፣ መለዋወጫ በሌለበት፣ በሚገባ የተበየደ የእጅ መወጣጫ ከዘመናዊው ይበልጣል።

ከመክፈልዎ በፊት

“ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ” ነውና ገዢ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይተኛ። ዝገቱን፣ የፒኖቹን መበላት፣ የብየዳውን መሰንጠቅ ይይ። መወጣጫው ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ ያንብብ፤ 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ግራም ያህል፣ የሚል አለ፤ ከዚያ በላይ የሚችልም አለ። ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ ጎልማሳ ወደዚህ ልክ ሊጠጋ እንደሚችል አይርሳ።

የኤሌክትሪክ ከሆነ በሩን በተከታታይ አሥር ጊዜ ከፍቶ ይዝጋ። ዘጠኝ ጊዜ ሠርቶ አንድ ጊዜ ከተወ አልሠራም ብሎ ይቁጠረው። ከዚያ መወጣጫውን ዘርግቶ ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፋ፤ በሩን ዘግቶ የሞተሩን ቁልፍ ያዙር። በዚህ ጊዜ መወጣጫው ራሱ መግባት አለበት። ካልገባ ይህን እንዲሠራ ተደርጎ የተገጠመ መሆን አለመሆኑን ከመመሪያው ያጣራ። ከነበረና ከተበላሸ፣ ወይም ማን እንደሆነ በማይታወቅ እጅ ሽቦው ተቆርጦ ከሆነ፣ የማስጠገኛው ዋጋ ከመሸጫው ይቀነስ።

ሻጩ “ይህቺ ትንሽ ነገር ናት” ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ትንሽ ናት። ትንሽ ከሆነች ለመቀነስም አይከብደውም። ቀንሶ ካልሰጠ ደግሞ አስጠግኖ ያቅርብ። ሁለቱንም እምቢ ያለ ሻጭ በሩ ሥር ያለውን ያልጠገነ ነውና፣ ከወለሉ በታች ሌላ ምን እንደተወ ገዢው ደግሞ ይጠይቅ።