«ጋዝ ጨርሷል» ከመባሉ በፊት፦ ስለ አሮጌ መኪና ኤሲ ተረትና እውነታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውና የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ወረታ የመኪናን ሙቀትና ቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ በሁለት ወገን የምትፈትን ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ማቀዝቀዣ ሲያስመኝ፣ ከዚያው በማለዳ ተነሥቶ ከ2,600 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ ግን ማሞቂያ ያስፈልገዋል። በብዙ አሮጌ የጃፓን መኪኖች ላይ ሁለቱንም የሚመራው «አውቶ» የሚል ቁልፍ ያለው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከሴንሰሮች፣ ማለትም ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚለውጡ ትንንሽ ዕቃዎች፣ በሚደርሰው መረጃ የፋኑን ፍጥነት፣ የኮምፕረሰሩን መብራትና መጥፋት፣ እንዲሁም ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያደባልቀውን ክዳን አቀማመጥ ይወስናል። ብልሽት ሲደርስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መረጃውን በሚያቀብሉት ወይም ትእዛዙን በሚፈጽሙት ዕቃዎች ላይ ሆኖ ሳለ፣ በተለምዶ የሚፈረደው ግን በጋዙ ላይ ነው።

«ጋዝ ጨርሷል» የሚለው ፍርድ ጋዙን እንደ ቤንዚን ከማየት የመጣ ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተጨመቀና እየተነነ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም፤ ስለዚህ ከጎደለ ባረጀ የጎማ ቱቦ ወይም በመጋጠሚያ በኩል ሾልኳል ማለት ነው፤ የሾለከበት ሳይገኝ ደጋግሞ ማስሞላትም ከንቱ ወጪ ነው። ጋዙ መኖሩን ለመገመት ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ሞተሩና ኤሲው እየሠሩ ኮፈኑ ሲከፈት ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ወፍራሙ ቱቦ ሲዳሰስ የሚበርድና ውሃ የሚያልበው ከሆነ፣ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው አየር ግን የሚሞቅ ከሆነ፣ ጋዙ ሥራውን እየሠራ ነውና መመርመር ያለበት የማደባለቂያው ክዳን ወይም ክዳኑን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ነው። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ የሚነበብ የግፊት መለኪያም የጋዙን መጠን አይናገርም፤ በቱቦው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የአካባቢው ሙቀት እንጂ የጋዙ ብዛት ስላልሆነ፣ ትክክለኛው መለኪያ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የተመለከተው ክብደት ነው። ከዚያ በላይ የተሞላ ኤሲ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የግፊት መከላከያው ኮምፕረሰሩን ስለሚያጠፋው፣ አሁንም ጋዝ ያነሰው ይመስላል፤ በዚህ ግምት ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል!

መቆጣጠሪያውን የሚወቅሰው «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ሁለተኛው ፍርድ ፊውዙ፣ ሪሌውና የፋኑ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሳይመረመሩ ሊነገር የማይገባው ነው፤ ፋኑ ጨርሶ ካልዞረ ወይም በአንድ ፍጥነት ብቻ ከዞረ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ይገኛል።

ሦስተኛው እምነት ማሳያው ላይ የወጣ የብልሽት ቁጥር ሁሉ የተበላሸ ዕቃ ስም ነው የሚል ሲሆን፣ ከሌሎቹ ይልቅ የተማረ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳስታል። በበርካታ አሮጌ ቶዮታዎች የ«አውቶ» ቁልፍና አየሩን ከውጭ ወይም ከውስጥ የሚያስገባው ቁልፍ አብረው ተጭነው የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ ሲከፈት መቆጣጠሪያው ራሱን መርምሮ ቁጥሮች ያሳያል፤ 11 የውስጥ ሙቀት ሴንሰርን፣ 12 የውጭውን፣ 21 ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጦ የፀሐይን ብርታት የሚለካውን ሴንሰር ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ምርመራው በጋራዥ ጣሪያ ሥር ወይም ከመሸ በኋላ ከተደረገ ሴንሰሩ ደኅና ሆኖ ሳለ 21 ይወጣል፤ ብርሃን አላገኘምና። ለጌጥ ተብሎ ዳሽቦርዱ ላይ የሚነጠፈው ጨርቅም ይህንኑ ሴንሰር ስለሚጋርደው፣ መቆጣጠሪያው ፀሐይ እያለች እንደሌለች ቆጥሮ ቅዝቃዜውን ያሳንሳል። 12 ሲወጣ ደግሞ ሴንሰሩን ከመግዛት በፊት ከፊት ፓራውልት ጀርባ መመልከት ይገባል፤ ከግጭት በኋላ ፓራውልቱ ተጠግኖ ሲመለስ ሽቦው ሳይሰካ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ሽቦው የተቋረጠን ሴንሰር አንዳንዱ መቆጣጠሪያ እንደ ብርቱ ብርድ ስለሚያነበው ኮምፕረሰሩን አያስነሣም። የውስጡ ሴንሰር ግን ሳይበላሽም ይሳሳታል፤ በትንሽ ወንፊት በኩል የመኪናውን አየር እየሳበ ስለሚለካ፣ የበጋው የፎገራ አቧራ ወንፊቱን ሲደፍነው የተሳፋሪውን ሳይሆን የዳሽቦርዱን ሙቀት ይለካል፤ መድኃኒቱም ለስላሳ ብሩሽ ነው።

የመጨረሻው እምነት «ቴርሞስታት ከወጣ ሞተር አይግልም» የሚል ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ክዳን ሲሆን፣ ሲወጣ በተለይ በብርድና በቁልቁለት የሞተሩ ውሃ ለማሞቂያ የሚበቃ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ብዙ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያዎችም ውሃው እስኪሞቅ በማሞቂያ ጊዜ ፋኑን ስለሚያዘገዩት፣ በደብረ ታቦር ማለዳ ፋኑ የተበላሸ ይመስላል። ሞተሩ ከጋለ መፈለግ ያለበት የጋለበት ምክንያት፣ ለምሳሌ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የላላ ቺንጋ ነው፤ ቴርሞስታት በወጣለት መኪና ላይ ማሞቂያውን ለመመርመር የሚነሣ መካኒክም አስቀድሞ ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው ይመልስ።