የመረጃ ብዛት ሰውን ብልህ ያደርጋልን?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በክፍላችን የክርክር ሰዓት «የዘመኑ ሰው የእጅ ስልክና ኢንተርኔት ስላለው ከአባቶቹ ይልቅ ብልህ ነው» የሚል አርእስት ቀርቦ ተከራክረንበት ነበር። እኔ ነገሩን ከሚደግፈው ወገን ነበርሁ። ሌላው ሲናገር እኔ ከጠረጴዛው በታች ስልኬን ከፍቼ ቍጥርና ዓመተ ምሕረት እፈልግ ስለ ነበር፣ ተራዬ ሲደርስ ንግግሬ ሁሉ ማስረጃ የሞላበት መሰለ፤ ጭብጨባውም ለእኛ ሆነ። በሳምንቱ መምህራችን «እስቲ ያን ያልኸውን ድገምልን» ቢሉኝ ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። የሣቀብኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁም ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። መረጃ ማለት ከውጭ የሚመጣልን ወሬ፣ ቍጥርና ሥዕል ነው። ዕውቀት የሚባለው ግን የመጣው ነገር ቀድሞ ከምናውቀው ጋር ተያይዞ በአእምሯችን ሲቀመጥ ነው። ብልህነትም ያወቁትን ነገር ባልተጠበቀ ስፍራ ላይ ማዋል ነው። ጎተራ ስለ ሞላ ብቻ ሰው አይጠግብም፤ እህሉ መፈጨትና መጋገር አለበት። በክርክሩ ቀን ደግሞ ጎተራው ራሱ የጎረቤት ነበረ።

ስለዚህ ነገር መስጋት የተጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን «ፌድሮስ» በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስ የተረከውን አንድ የግብፅ ታሪክ ጽፎልናል። ቴውት የተባለ አምላክ ጽሕፈትን ፈልስፎ ለንጉሡ ለታሙስ ቢያቀርብለት፣ ንጉሡ «ሰዎች በጽሕፈት ተማምነው ማስታወስን ይተዋሉ፤ ዐዋቂ ሳይሆኑም ዐዋቂ ይመስላሉ» በማለት ዐይነት ነቀፈው። ይህን የጽሕፈት ነቀፋ ዛሬ ልናውቀው የቻልነው ስለ ተጻፈ ብቻ መሆኑ ያስገርማል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር የሚጮኸውን ሁሉ አምነን መደንገጥ አይገባንም።

በክርክሩ ቀን ካልኋቸው ሳይጠፋኝ የቀረው አንድ ማስረጃ የጄምስ ፍሊን ነው። ይህ በኒውዚላንድ ያስተምር የነበረ ሊቅ አሜሪካውያን በአእምሮ ፈተና የሚያገኙት ነጥብ በየዐሥር ዓመቱ ሦስት ያህል እየጨመረ መምጣቱን በ1984 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ14 አገሮች የተሰበሰበ ማስረጃ አቀረበ። እኛም «እነሆ፣ ሥልጣኔ ብልህ ያደርጋል!» ብለን ጮኽን። ዳሩ ግን ፍሊን ራሱ አያቶቻችን ሞኞች ነበሩ አላለም፤ ትምህርት ቤትና የዘመኑ ሥራ ሰውን በረቂቅ ነገር ማሰብን ስላለማመዱት ነው አለ እንጂ። ከዚህም በላይ በኖርዌይ ለውትድርና የተፈተኑትን ወጣቶች ውጤት ያጠኑ ሁለት ሊቃውንት በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተወለዱት ዘንድ ነጥቡ መውረድ ጀምሯል። በአንድ ቤት በተወለዱ ወንድማማቾች መካከል እንኳ ይኸው ስለ ታየ፣ ምክንያቱ ዘር ሳይሆን አኗኗር መሆኑን ገልጸዋል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ መጫን አይቻልም፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የተወለደው ልጅ ለፈተናው ሲቀርብ የዛሬው ዐይነት ስልክ ገና አልተሠራም ነበርና። ተቃራኒዎቻችን ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጭብጨባው ወዴት ይሄድ እንደ ነበር እንጃ።

ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበን ግን ሌላ ምርመራ ነው። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ተማሪዎችን ወደ ሙዚየም ወስደው አንዳንዱን ዕቃ በዐይናቸው ብቻ እንዲመለከቱ፣ አንዳንዱን ደግሞ ፎቶግራፍ እንዲያነሡ አደረጉ። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶግራፍ ካነሡት ይልቅ በዐይናቸው ብቻ ያዩትን አብልጠው አስታወሱ። ካሜራውን አቅርበው የዕቃውን አንድ ክፍል ለይተው ባነሡ ጊዜ ግን ጉዳቱ አልታየም፤ ይህም በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። እንግዲህ የሚያስረሳው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ «ካሜራው ይዞልኛል» ብሎ ልብን ማንሣት ነው። እኛም በተፈቀደልን ጊዜ ሰሌዳው ከመጠረጉ በፊት ስልካችንን አንሥተን ቀጭ ካደረግን በኋላ ትምህርቱን የያዝነው ይመስለናል። ይህን ስጽፍ በስልኬ ውስጥ ያለውን የሰሌዳ ፎቶግራፍ ብቈጥረው 214 ሆነ። መልሼ ያየሁት ዐሥር አይሞላም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «በስልክ የሚገኘውን ነገር በቃል መያዝ ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የአገራችን የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ዳዊቱንና የግእዙን ግስ በቃሉ ከያዘ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረዣዥሞቹ ይወጣል። ሌላው የተቀኘውን ወይም ራሱ ትናንት ያለውን ደግሞ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ በየጊዜው አዲስ ያስፈልጋል። በቃል መያዝ አዲስ ሐሳብን ይገድላል የሚል ሰው እስቲ ይህን ይመልከት። ሰምና ወርቁ የሚገናኘው ሁለቱም በአንድ ጊዜ በአእምሮ ውስጥ ሲገኙ ነውና፣ ያልያዙትን ቃል ለማግኘት መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ቅኔው ያመልጠዋል። በለንደን ከተማም የታክሲ ነጂዎች 25,000 ያህል መንገዶችን በቃላቸው ይዘው ይፈተናሉ፤ ከእነርሱ መካከል የመንገድ ትዝታ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ሰፍቶ መገኘቱን ኤሌኖር ማጓየር የተባሉት ሊቅ በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

በአገራችን የሆነውንም ማንሣት አለብኝ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊው ፈተና ወረቀት አስቀድሞ በኢንተርኔት ስለ ተበተነ ፈተናው ተሰርዞ ነበር፤ እንዲህ ያለውን መረጃ ያገኘ ተማሪ አንድም ዕውቀት አልተጨመረለትም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው ያለ ስልክ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ብዙ ወላጆች «ስልክ ነው ያጠፋቸው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ ስልክ ቀርቶ የራሳቸው የመማሪያ መጽሐፍ እንኳ የሌላቸው የገጠር ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ የመረጃ ብዛት ሳይሆን እጥረቱ ነው የጐዳቸው። መብዛቱ የሚያስቸግረን እኛ የከተማ ልጆች ነን፤ አባቴ «ለጠገበ ሰው ስለ ምግብ ብዛት ማማረር ቀላል ነው» ያሉኝም ስለዚህ ነው።

ስልኩ ያስተማረኝ ነገር አለ። ደም በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር በመጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝን፣ በተንቀሳቃሽ ሥዕል አንድ ጊዜ አይቼ ተረዳሁት፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም። የጠቀመኝ ግን ጥያቄውን ይዤ ስለ ሄድሁ ነው። ሳልጠይቅ ከሚመጣልኝ ወሬ ያለፈውን ሳምንት እንኳ አንድ የማስታውሰው የለም።

ከተሸነፈው ወገን የነበረው ጓደኛዬ ክርክሩ እንዲደገም ጠይቋል፤ ስልክ ሁሉ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ። እኔ ተስማምቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን በየትኛው ወገን እንደምቆም ገና አልወሰንሁም።