የክበባትን ገንዘብ ለመቆጣጠር የሚወዳደር ተማሪ ንግግር

በጅማ መርካቶ ወይም በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ቡና ሲሸጥ ቆማችሁ ብትመለከቱ፣ ገበሬው የነጋዴውን ጣፋጭ ቃል እየሰማ ዓይኑን ከሚዛኑ እንደማይነቅል ታያላችሁ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው፤ ንግግር አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በታላቁ የሕርማታ የሐሙስ ገበያ ይገናኝ የነበረው ሻጭና ገዥም ይህን ጥንቃቄ አይስተውም ነበር።

በትምህርት ቤታችሁ የተማሪዎች ምክር ቤት ውስጥ የክበባትን ገንዘብ ለመቆጣጠር የሚወዳደር ተማሪ፣ መራጮቹን እንደዚህ ገበሬ አድርጎ ሊገምታቸው ይገባል።

ለዓመቱ የተፈቀደው ገንዘብ 3,000 ብር ነው እንበል። የቀይ መስቀል ክበብ 1,200፣ የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ክበብ 1,500፣ የስፖርት ክበብ 2,000፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ 800 ብር ጠየቁ። ድምሩ 5,500 ብር ይሆናል። አንዱ ተወዳዳሪ «ሁሉም ክበብ የጠየቀውን ያገኛል» ቢል በጭብጨባ ይሸኛል፤ የጎደለው 2,500 ብር ከየት እንደሚመጣ ግን አልተናገረም። ሌላዋ ተወዳዳሪ «ያለፈውን ዓመት ወጪ በደረሰኝ ላስረዳ ክበብ ቅድሚያ እሰጣለሁ፤ የስፖርት ክበብ ዘንድሮ ኳሱን፣ በሚመጣው ዓመት መረቡን ይገዛል» ብትል የስፖርተኞቹን ድምፅ ልታጣ ትችላለች። የምትወዳደርበትን ሥራ የምታውቀው ግን እርስዋ ናት።

ለአሠራሩ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ወላጆቻችሁ የእድራቸውን ገንዘብ እንዴት እንደሚጠብቁ ጠይቁአቸው። በደንብ በተደራጀ እድር ዳኛው ያዝዛል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል፤ ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ጠቅልሎ አይዝም። ይህ ገንዘብ ያዡን ካለማመን የመጣ አይደለም። እንዲያውም ሐሜት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቅመው ለእርሱ ነው፤ ብቻውን የያዘ ሰው ብቻውን ይጠረጠራልና። ስለዚህ ተወዳዳሪው ገንዘቡን ማን እንደሚያዝዝበት፣ ማን እንደሚይዘው፣ መዝገቡንም ማን እንደሚመረምረው ለይቶ ይናገር።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። በዓመቱ መጨረሻ «ለኳስ መግዣ 900 ብር ወጣ» የሚል ሪፖርት ቀረበ እንበል። «ወጣ» የማይሻገር ግስ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩም ባለቤት ብሩ ራሱ ነው። ብሩ በገዛ እግሩ ከሣጥን ወጥቶ የሄደ ይመስላል! «ኳስ ተገዛ» ብንልም ገዢው አይታወቅም። «የስፖርት ክበቡ ጸሐፊ 900 ብር ተቀብሎ ኳስ ገዛ፤ ደረሰኙንም ለምክር ቤቱ አስረከበ» ስንል ግን የተቀበለው፣ የገዛውና ያስረከበው ማን እንደ ሆነ በግልጽ ይታያል። የመደበቅ ሐሳብ የሌለው ጸሐፊ እንኳ ግሱን ሳያስተውል ከመረጠ አድራጊውን ይሰውራል።

የምርጫው ንግግርም ከዚህ አይለይም። ተወዳዳሪው «የወጪው ዝርዝር በየሦስት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል» ቢል፣ ከመራጮቹ መካከል አንዱ እጁን አውጥቶ «ማን ይለጥፈዋል?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።